የእህቴ አበባ ቤት ድረ ገጽ

አሁን አሁን የእህቴን ድረ ገጽ በሕልሜ አየዋለሁ። በሕልሜ ውስጥ ስልክ የለም፤ ኮምፒውተርም የለም። ገጹ ራሱ ጠባብ መንገድ ሆኖ እገባበታለሁ፤ ግራና ቀኙ አበባ ነው። ሥዕሎቹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ይገለጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት የጉና ተራራ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ መጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ ወገቡ፣ በመጨረሻ እግሩ እንደሚታየው። ኔትወርካችን ደካማ ስለሆነ በእውኑም ፎቶ የሚከፈተው እንዲሁ ነው። በሕልሜ ግን የመጨረሻው ሥዕል ተከፍቶ ሳያልቅ እነቃለሁ።

የምጽፈው ስለዚያ የመጨረሻ ሥዕል ነው። ግን ቶሎ ልደርስበት አልቻልሁም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ልነሣ።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ትበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ፤ ይኼን ገና አልለመድሁትም። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ አንድ በር ያላት አበባ ቤት ነበረቻት። አጀማመሯ ከእናታችን ነው። እናታችን በበዓል ዋዜማ ቄጤማ ትሸጥ ነበር። እህቴ ልጅ ሆና ከቄጤማው ጎን የአደይ አበባ እስር እየደረደረች ትቀመጣለች። ሰው ከቄጤማው በፊት አደዩን ያነሣል። ስታድግ ከባሕር ዳር ጽጌረዳ ማስመጣት ጀመረች። ጽጌረዳው በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ሆኖ፣ በሚኒባስ ይመጣል። ረዳቱ ሐሙሲት ላይ ሲደርስ ይደውልላታል፤ እሷ ባልዲዎቹን ውኃ ሞልታ በር ላይ ትጠብቃለች።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ፤ ውጤት አልመጣልኝም። አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። እዚያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዌብሳይት እንዴት እንደሚሠራ ከስልክ እያየሁ ለብቻዬ ተማርሁ። ባለፈው መስከረም ለእህቴ ልሥራልሽ አልኋት። እሷም ደስ አላት።

የመጀመሪያው ሥራዬ አሳፋሪ ነበር። ያኔ ግን የምኮራበት ነበር። ገጹ ሲከፈት የጽጌረዳ ቅጠል ከላይ ይዘንባል፤ ዘፈን አለው፤ ፊደሉ ያብረቀርቃል። በራሷ ስልክ እንድትከፍተው ሰጠኋት። አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። እህቴ ጠበቀች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የጽጌረዳውን እግር ቆረጠች። ባልዲውን ለወጠች። ተመልሳ አየች። ክቡ ይዞራል።

«ይኼ ገጽ እስኪከፈት ሙሽራዋ ትወልዳለች» አለችኝ።

የባሰው በሳምንቱ መጣ። እኔ ገጹ ባዶ እንዳይመስል ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የውጭ አገር አበባ ሁሉ ለጥፌበት ነበር። አንዲት ሙሽራ ከይፋግ ድረስ ከአክስቷ ጋር መጣች። ስልኳ ላይ ሰማያዊ አበባ አለ። ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ ደስ ስላለኝ ነበር የለጠፍሁት። እህቴ የለንም ብላ ነጭና ቀይ ጽጌረዳ አሳየቻቸው። ሙሽራዋ ሰማያዊውን አበባ እንደገና አሳየቻት። አክስቷ ግን ወደ ባልዲው አየት፣ ወደ ስልኩ አየት አደረጉና «በስልክ የምታሳዩት ሌላ፣ በባልዲ ያለው ሌላ» ብለው ወጡ። እህቴ ፊቷ እንደ ጽጌረዳው ቀላ። እኔን አልተቆጣችም። መጥረጊያ አንሥታ የተጠረገውን ወለል መልሳ ጠረገች። ከዚያ እጇ ያልነካውን አበባ ፎቶ ሁሉ ከገጹ እንዳወጣ ነገረችኝ። አንድ አበባ እዚያ ላይ ከታየ፣ እሷ አሥራው፣ እኛ በራችን ላይ ያነሣነው መሆን አለበት አለች።

ያን ዕለት ሁሉን ሰረዝሁት። ገጹ ባዶ ሆነ። ባዶውን ይዘን ከእሷ ጋር እንደ አዲስ ጀመርን።

ጥሩ የአበባ ቤት ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከእሷ ነው። እሷ ዌብሳይት መሥራት አታውቅም። ግን በዓይኗ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይታያት ነበር። ሰውዬው ከሐሙሲት በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቋል። በአንድ እጁ የፊቱን ወንበር ይዟል፤ በሌላው ትንሽ ስልክ። ባትሪው ሊያልቅ ነው። ወይ ሠርግ ደርሶበታል፣ ወይ ሐዘን። ይኼ ሰው የሚዘንብ ቅጠል አይፈልግም። አበባ አለ ወይ? የት ነው? ለማን ልደውል? እነዚህን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ስልክ ቁጥሩ ከሁሉ በላይ ሆነ፤ ሲነኩት ይደውላል። ዘፈኑ ወጣ። እኔ አድራሻ ብዬ የቀበሌውን ቁጥር ጽፌ ነበር። በቀበሌ ቁጥር ቤት የሚያገኝ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝና ራሷ አጻፈችኝ፤ ከመናኸሪያው ወደ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ አረንጓዴው በር።

በየጠዋቱ አንዲት መስመር እንድለውጥም አዘዘችኝ። «ዛሬ ያለው» ትላለች መስመሯ። ነጭ ጽጌረዳ አለ፣ ቀይ የለም። መኪናው ሳይመጣ ሲቀር ዛሬ ምንም የለም ብለን እንጽፋለን። ሱቅ እንዴት ምንም የለም ብሎ ይጽፋል ብዬ ተከራከርኋት። አንድ ጊዜ በከንቱ የመጣ ሰው ሁለተኛ አይመጣም አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ፎቶ የምናነሣው ጠዋት ነበር፤ ፀሐይዋ በሩ ላይ ስታርፍ። አሁን ሳስበው ያ ጊዜ ከሕልሙ ጋር ይቀላቀልብኛል። ብርዱ፣ ከባልዲው የሚነሣው የውኃ ሽታ፣ ወደ ትምህርት የሚሄዱ ተማሪዎች ድምፅ። እሷ አበባውን በትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ታቆመዋለች፣ ታዞረዋለች፣ አንድ ቅጠል ትነቅላለች። እኔ ስልኩን ይዤ እንበረከካለሁ። እንዲህ አድርገን ገጾቹን አንድ በአንድ ሞላናቸው። የሠርግ። የምርቃት። የሕመምተኛ መጠየቂያ። የመጨረሻው የለቅሶ ጉንጉን ነበር።

ጉንጉኑ እንዲገባ እኔ አልፈለግሁም። ደስ የሚል ገጽ ያበላሻል ብዬ ነው። እሷ ግን እንዲያውም ሐዘንተኞች ናቸው ገጹ የሚያስፈልጋቸው አለች። ሠርግ ያለበት ሰው ወር ሙሉ ዞሮ ይጠይቃል። ሞት የደረሰበት ሰው የት ይዞራል? ስለዚህ ጉንጉን ልትሠራ ተቀመጠች። ኅዳር ነበር። የጽድ ቅርንጫፍ በሽቦ ክብ አድርጋ አሠረች፤ በላዩ ነጭ ጽጌረዳ ሰካካች። መሐሉ ላይ የሚያልፍ ሰፊ ነጭ ሪባን አለ። በሪባኑ ላይ ከወርቃማ ወረቀት ፊደል እየቆረጠች የሟቹን ስም ትለጥፋለች።

ሪባኑ ባዶውን እንዲቆይ ሐሳብ አቀረብሁ። እምቢ አለች። ሰዎች ስም እንደሚጻፍ ካላዩ ሳይነግሯት ይሄዳሉ፤ ወይም የክርስትናውን ስም ነግረዋት ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሌላ ስም ይሆናል፤ ቀብር ላይ ያስቸግራል። ስም ይታይ አለች። እሺ፣ የማን ስም? አንዱን ጠራን፤ የጎረቤታችን ስም ሆነ። ሌላ ጠራን፤ የአንድ አስተማሪ። የትኛውንም ብንጠራ በዚች ከተማ ባለቤት አለው። እህቴ በሰው ስም አልቀልድም አለችና መቀሷን አነሣች። ፊደሎቹን ስትቆርጥ አየኋት። ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ገባኝ። የራሷን ስም ነበር የምትጽፈው።

«ኧረ እትዬ፣ ይቅርብሽ» አልኋት።

«የራሴ ስም ነው። ማን ይቀየመኛል?» አለች፤ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ፎቶውን አነሣሁ። ለጠፍሁት።

ጥር በሠርግ ሥራ አለፈ። የካቲት ላይ ታመመች። ስምንት ቀን። ስለ ስምንቱ ቀን መጻፍ አልችልም፤ ይለፈኝ። ጾሙ ሳይገባ ቀበርናት።

ሠልስት ዕለት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ሰው እየገባ ያጽናናል፣ ይወጣል። የእህቴ ጓደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በጸሐፊነት የምትሠራ፣ ከጎኔ ነበረች። መቃብሯ ላይ የሚቀመጥ ጉንጉን ልታዝዝላት ፈልጋ ስልኳን አወጣች። ከተማው ውስጥ ጉንጉን የሚሠራው ማን እንደሆነ ስታስብ ጣቷ ወዴት ይሂድ? የለመደችውን ገጽ ከፈተች። ወደ ታች ወረደች። የመጨረሻው ፎቶ ቀስ እያለ ተከፈተ። ነጭ ጽጌረዳ፣ ጽድ፣ ሪባን፣ በሪባኑ ላይ የእህቴ ስም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆነህ ፈጥነህ ሠራህላት አለችኝ። ስልኩን ለሚቀጥለው ሰው አቀበለች። ስልኩ ድንኳኑን ዞረ። አንዳንዶች ወንድም ማለት እንዲህ ነው አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ምን ብዬ ልናገር? በቁሟ፣ በኅዳር፣ በገዛ እጇ ጽፋ እኔ ፎቶ አነሣኋት ልበል? እዚህ ሰው ስለ ሞት ሲያወራ እንኳ አስቀድሞ ክፉ አይስማ ይላል። ዝም አልሁ። ዝምታዬን ሐዘን አድርገው ወሰዱት። ሐዘንም ነበር።

ስልኩ እናቴ ዘንድ ደረሰ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጣቷን በሪባኑ ላይ አስኬደች፤ ፊደል በፊደል። ስሙን አነበበች። ከዚያ የስልኩን መስተዋት ሳመችው። ከንፈሯ ሲነካው ፎቶው ተንሸራቶ ሄደና የሙሽራ አበባ መጣ። እናቴ ደነገጠች፤ «ሄደችብኝ» አለች። እኔ ተነሥቼ መለስሁላት። በእጄ መለስሁላት። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገራት?

ከዚያ ወዲህ በእህቴ ስልክ በየቀኑ ታየዋለች። ለቀብሯ የተሠራ፣ እኔ የሠራሁት ጉንጉን ነው ብላ አምናለች። ለአርባዋ ትልቅ አድርጌ አሳትሜ ግድግዳው ላይ እንድሰቅለው ጠየቀችኝ። ኮፒ ቤት እየሠራህ ይኼ አያቅትህም አለች። እኔ ቀለሙ አልቋል አልሁ። ሌላ ቀን ማሽኑ ተበላሽቷል አልሁ። ፎቶውን ከገጹ ላይ ማንሣትም አልቻልሁም፤ እናቴ ትፈልገዋለች።

የገጹን ስልክ ቁጥር ወደ እኔ ቀይሬው ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ሰው ደወሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ነው። እናታቸው አርፈዋል፤ ከመኪና ላይ ሆነው ነው የሚደውሉት። ገጹን አይተዋል፤ አረንጓዴው በር የት እንደሆነ አውቀዋል። እንደዚህኛው አድርጉልኝ፣ ስሙን ብቻ ለውጡልኝ አሉኝ። ዘግተናል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ አልኋቸው። ስልኩን ዘግቼ ቆምሁ። እህቴ በዓይኗ ይታያት የነበረው ሰው እሳቸው ነበሩ። ገጹ ልክ እሷ እንዳለችው ሠርቷል። የደረሱት ግን እሷ በሌለችበት ቤት ነው፤ የጠየቁኝ ደግሞ የእሷን ስም አንሡልኝ ብለው ነው። ይኼን ሳያውቁ።

ሕመም ከሪባን እንደማይመጣ አውቃለሁ። ባዮሎጂ ተምሬአለሁ። ግን ጠዋት ስነቃ ከማውቀው ነገር በፊት ሌላው፣ ሪባኑ ነው ያመጣባት የሚለው፣ ይደርስብኛል።

አርባዋ አምስት ቀን ሲቀረው እናቴ ለተዝካሩ ምስር ትለቅም ነበር። ቀን ነው፤ በሩ ክፍት ነው። ማሽኑ ተሠራ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፊቷ ቁጭ አልሁ።

«እማዬ፣ ያ ጉንጉን ለቀብሯ የተሠራ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለማሳያ ነው። ለገጹ። ኅዳር ላይ ራሷ ናት የሠራችው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «በቁሟ?»

«በቁሟ።»

«አንተ አነሣኸው?»

«እኔ።»

 መልቀሟን ቀጠለች። ቆይቼ ሳይ ጠጠሩን ትታ ደህናውን ምስር ወደ ጎን እየጣለች ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስም አላነጋገረችኝም። በማግሥቱም። ምግቤን ከፊቴ ታስቀምጣለች፤ ብላ አትለኝም። እኔ ምስሩን እንደገና ለቀምሁት። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጥታ በራፌ ላይ ቆመች። ስልኩን ይዛለች።

«ጉንጉን ብቻውን አይቆምም። ማን ይዞት ነው?» አለች።

አልገባኝም። ጣቷን በፎቶው ጠርዝ ላይ አደረገች። እዚያ፣ በጽዱ ዳር፣ ሁለት ጣቶች አሉ። ጫፋቸው ብቻ። እኔ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጣቶቹን አላየሁም። ያን ጠዋት ጉንጉኑ ከዱካው ላይ እየተንከባለለ ስላስቸገረን እህቴ ይዛው ቆማ ነበር። አበባው እንጂ እኔ ምን ልሠራ፣ እኔን ቁረጠኝ አለችኝ። ቆርጬ ነው የለጠፍሁት።

ሙሉው ላፕቶፑ ላይ አለ አልኋት። አወጣሁት። ከፈትሁት። ይኼኛው ኔትወርክ አይጠብቅም፤ በአንድ ጊዜ ተከፈተ።

እህቴ በአረንጓዴው በር ፊት ቆማለች። ጉንጉኑን ከራሷ አርቃ ወደ ጎን ዘርግታ ይዛዋለች፤ ከፎቶው ለመሸሽ ብላ። ግን ከነፊቷ ገብታለች። የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ረጥቧል። ዓይኖቿን ጨፍና ትስቃለች።

እናቴ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ በምን እንደምትስቅ ጠየቀችኝ። ሁሉን ነገርኋት። ስም ስንመርጥ የጎረቤታችን ስም እንደመጣ፣ የአስተማሪው እንደመጣ። በሰው ስም አልቀልድም እንዳለች። ይቅርብሽ እንዳልኋትና ማን ይቀየመኛል እንዳለች።

«እኔ» አለች እናቴ። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው፤ ለፎቶው ነው። «እኔ አለሁ አይደል? እኔ እቀየምሻለሁ።»

ከዚያ አለቀሰች። በድንኳኑ ውስጥ እንዳለቀሰችው ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ መቆጣትም እንደ ማባበልም እያደረጋት። እኔም። ሲወጣልን እንደገና ንገረኝ አለች። እንደገና ነገርኋት። ሙሽራይቱ ትወልዳለች ያለችውንም ነገርኋት። ስለ ሰማያዊው አበባና ስለ ሙሽራዋ አክስት ነገርኋት። እናቴ ይኼን ሁሉ አታውቅም ነበር። እህቴ ከሞተች ጀምሮ ስለ ሞቷ እንጂ ስለ እሷ አውርተን አናውቅም ነበር።

በመጨረሻ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ ፎቶው ጠቆመችኝ።

«ጉንጉኑን ቁረጠው። እሷን ተዋት።»

ቆረጥሁት። ሪባኑ ወጣ፤ ስሙ ወጣ። አንድ ሁለት የጽድ ቅጠል ብቻ በጠርዙ ቀረ፤ እሱን ከእጇ መለየት አልተቻለም። ያንኑ ቀን ከገጹም ላይ የጉንጉኑን ፎቶ አወረድሁ። በቦታው አንድ መስመር ጻፍሁ፤ ጉንጉን ሲያዝዙ የሟቹን ስም ሰው በሚያውቀው አጠራር ይንገሩን የሚል። ፎቶ የለውም። እናቴ ጽድ ማሠር እንደማይጠፋት ነግራኛለች። ከፋሲካ በኋላ እናያለን ተባብለናል።

የአርባዋ ዕለት ፎቶው ግድግዳው ላይ ነበር። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሲወጡ ሰው ለመብላት ተቀመጠ። ከገጠር የመጡ አንዲት ዘመዳችን ትኩር ብለው አዩትና እናቴን ጠየቋት። እንዲህ ዓይኗን ጨፍና የምትስቀው ምን ተነግሯት ነው አሉ።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ሴትዮዋ ፊት ባለው ሳሕን ላይ ምስሩን ጨመረችላቸው።

«ሥራ ላይ ሆና ነው» አለቻቸው። «ከወንድሟ ጋር።»